ከስልክ ወደ ቤት ኮምፒውተር፦ የባክአፕ ሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ጅማ፣ ሐምሌ 2017

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12፣ ጠዋት 3፡15 – ቆጠራ

ስልኩ አንድሮይድ 13፣ ባለ 128 ጊጋ ነው፤ 97ቱ ተይዟል። ኮምፒውተሩ ኮቺ ሰፈር ያለ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ዊንዶውስ 10 ዴስክቶፕ ሲሆን ዲ ድራይቩ ላይ 140 ጊጋ ክፍት ቦታ አለው። ለሁለተኛው ቅጂ 500 ጊጋ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተዘጋጅቷል። ዊንዶውስ ዲስኩን 465 ብሎ ያሳየዋል፤ ሻጩ አላጭበረበረም። አምራቹ አንድ ጊጋን 1,000,000,000 ባይት ብሎ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ለ1,073,741,824 ያካፍላል።

ማጭበርበሩ ያለው ፍላሽ ላይ ነው። በርካሽ የሚሸጥ ባለ 512 ፍላሽ ውስጡ 16 ጊጋ ሊሆን ይችላል። እስከ 16 ድረስ በትክክል ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ የተቀበለ እየመሰለ ይጥለዋል፣ ወይም በቀደመው ላይ ይጽፍበታል። ኤችቱቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሞልቶ መልሶ ሳያነቡት ፍላሽን ባክአፕ ማለት አይቻልም። ለዚህ ሥራ ፍላሽ አልተጠቀምንም።

የስልኩ ፋይል ማኔጀር ያሳየው፦ ዲሲአይኤም (ካሜራና ስክሪንሾት) 7,016 ፋይል፣ 38.2 ጊጋ። ዋትሳፕ 23,118 ፋይል፣ 21.4 ጊጋ። ዳውንሎድ 640 ፋይል፣ 4.6 ጊጋ። የድምፅ ቅጂ 92 ፋይል፣ 0.7 ጊጋ። ድምሩ 65 ጊጋ ገደማ ነው። የቀረው 32 ጊጋ ሲስተምና አፕ ስለሆነ አይቀዳም፤ አፕ ከፕሌይ ስቶር ይመለሳል።

ከ7,016ቱ ውስጥ 1,104ቱ ስክሪንሾት ነው፤ አብዛኛው የባንክና የቴሌብር ማስተላለፊያ ደረሰኝ። ጅማ ውስጥ ቡና የሚገዛና የሚያስረክብ ሰው ስልክ ላይ ይህ ፎልደር ከሠርግ ፎቶ ይበልጣል። ቁጥሮቹ በሙሉ በወረቀት ተጻፉ። ነገ የሚመሳከረው ከዚህ ወረቀት ጋር ነው።

3፡40 – ኬብል የማያመጣቸው

ቴሌግራም ይቅደም፤ ጊዜ ይወስዳል። መደበኛው ቻት ሰርቨር ላይ ስለሆነ በስልኩ መጥፋት አይጠፋም፤ ሲክሬት ቻት ግን ያለው ስልኩ ላይ ብቻ ነው። በኮምፒውተር ላይ ቅጂ ለማስቀረት ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ ገብቶ ዳታ ኤክስፖርት ማለት ነው። አዲስ የተገባበት ኮምፒውተር ከሆነ ለደህንነት ሲባል 24 ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል፤ አስጠበቀም። ጥያቄው ዛሬ ጠዋት ባይገባ ኖሮ እሑድ ባልደረሰ ነበር። ሳጥኖቹ ላይ ፎቶና ፋይል መመረጣቸውን፣ የፋይል መጠን ገደቡም ዝቅ ብሎ አለመቅረቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ገደቡ ካልተነሳ ትልልቁ ቪዲዮ ሳይወርድ ይቀራል፣ ፕሮግራሙም “ጨርሻለሁ” ይላል።

ኮንታክት፦ ከስልኩ ኮንታክት አፕ “ኤክስፖርት” ተብሎ ቪሲኤፍ (ስሞችና ቁጥሮች በጽሑፍ የሚቀመጡበት) ፋይል ወጣ። ስልኩ በዝርዝሩ 1,047 ስም ሲያሳይ ፋይሉ ውስጥ ያለው 812 ነው። ልዩነቱ ሁለቱ ሲም ላይ የተያዙትና ከአፖች የመጡ ድግግሞሾች ናቸው። ሲም ላይ ብቻ ያሉት 61 ስሞች መጀመሪያ ወደ ስልኩ ገብተው እንደገና ኤክስፖርት ተደረገ፤ አሁን 873። ሲም ካርድ ለስም ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ በአማርኛ ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ስለሚወስድ ረጅሙ ስም መሀሉ ላይ ተቆርጦ ይገኛል። የተቆረጠውን ባለቤቱ ካልሆነ ማንም አይቀጥለውም።

ቪሲኤፉን በኖትፓድ የከፈተ ሰው ይደነግጣል። የእንግሊዝኛው ስም ይነበባል፤ በአማርኛ “ከበደ” የተባለው ግን የእኩል ምልክት፣ ከኋላው ሁለት ሁለት ፊደልና ቁጥር እየሆነ 27 ቦታ ይይዛል። አልተበላሸም። ፊደልን በባይት በሚጽፈው በዩቲኤፍ-8 ስርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ የድሮው የቪካርድ አጻጻፍ እያንዳንዱን ባይት በ3 ምልክት ያስቀምጠዋል፤ ሦስት ፊደል በ9፣ 27። ወደ ስልክ ሲመለስ ተመልሶ “ከበደ” ይሆናል። እዚያ ገብቶ “ማስተካከል” ነው የሚያበላሸው።

ኤስኤምኤስ፦ “ኤስኤምኤስ ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር” በሚባለው አፕ 4,380 መልእክት በአንድ ኤክስኤምኤል ፋይል ወጣ፤ 2.9 ሜጋ ብቻ። የባንክ ማረጋገጫ መልእክቶች እዚህ ውስጥ ናቸው። ትንሽ ስለሆነ የሚረሳ ፋይል ነው።

ዋትሳፕ በራሱ ጊዜ ስልኩ ላይ ባክአፕ የሚሠራው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የተጻፈው ገና እዚያ የለም፤ ሴቲንግ፣ ቻትስ፣ ቻት ባክአፕ ገብቶ አሁኑኑ ማሠራት ያስፈልጋል። ዳታቤዙ የተቆለፈ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ አይነበብም። ኢንድ ቱ ኢንድ ባክአፕ (ባለቤቱ ብቻ በያዘው ቁልፍ የሚቆለፈው) የተከፈተ ከሆነ የይለፍ ቃሉ ወይም ባለ 64 ምልክቱ ቁልፍ በወረቀት ካልተያዘ ፋይሉ ቢኖርም ዋጋ የለውም።

የባንክ አፕና ቴሌብር አይቀዱም፣ መቀዳትም አያስፈልጋቸውም፤ ሒሳቡ ያለው ሰርቨር ላይ ነው፣ የሚታሰረውም በስልክ ቁጥሩ ነው። ሲክዩር ፎልደር (ለብቻው የሚቆለፍ የግል ፎልደር) ያለበት ሳምሰንግ ከሆነ ግን ልብ ይበሉ፦ በኬብል ሲገባ ያ ፎልደር ከነጭራሹ አይታይም። ይህ ስልክ የለውም።

ከዚህ በኋላ ኤሮፕሌን ሞድ በራ። በሥራው መሀል ዋትሳፕ አንድ ፎቶ እንኳ ቢያወርድ የሁለቱ ወገን ቁጥር አይገጥምም።

4፡25 – ኬብል

የመጀመሪያው ኬብል ተሰካ። ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፤ ኮምፒውተሩ ድምፅ አላሰማም፣ ምንም አልታየም። ሁለተኛው ኬብልም ያው። ሁለቱም የቻርጅ ብቻ ናቸው፤ ውስጣቸው ቀይና ጥቁር ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ዳታ የሚያልፈው አረንጓዴና ነጭ ሽቦ ሲጨመር ነው። ከውጭ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም። ሄርማታ ከሚገኝ ሱቅ ሦስተኛ ተገዛ፤ ሱቁ ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ የዊንዶውስ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ነው የተከፈለው። ከሻጩ “ዳታ ያስተላልፋል” ይልቅ ያችን ድምፅ መስማት ይሻላል።

በአዲሱም መጀመሪያ ቆረጥ ቆረጥ አለ። የስልኩ ቀዳዳ ውስጥ ከኪስ የገባ ብናኝ ተጠቅጥቆ ስለነበር ኬብሉ እስከ መጨረሻው አልገባም፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ቀርቷል። ስልኩ ጠፍቶ በቀጭን የእንጨት ስንጥር ተጠረገ። መርፌ አይነካውም፤ ብረት ስለሆነ መሀል ያሉትን ጥርሶች ያገናኛል ወይም ይሰብራል። ክረምት ስለሆነ ቀዳዳው እርጥብ ከሆነም ስልኩ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ያን ጊዜ ትቶ ማድረቅ እንጂ መንፋት አይረዳም፤ ትንፋሽ ራሱ እርጥበት ነው።

ኬብሉ ከዴስክቶፑ ፊት ሳይሆን ከጀርባው ተሰካ። የፊቱ ቀዳዳ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በሌላ ቀጭን ገመድ ነው፤ ብዙ መቆራረጥ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ስልኩ ሲሰካ ሁልጊዜ “ቻርጅ ብቻ” ብሎ ይጀምራል። ኖቲፊኬሽኑን ወደ ታች ስቦ “ፋይል ማስተላለፍ” መምረጥ፣ ስክሪኑንም ከፍቶ መተው። ተቆልፎ ከተሰካ ስልኩ በስሙ ይታያል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። “ፋይሎቼ ጠፉ” ከሚባለው ውስጥ ብዙው ይኸው ነው።

5፡05 – ዲሲአይኤም

ኮፒ፣ ፔስት። “ከት” በፍጹም። ከት መሀል ላይ ከተቋረጠ የተወሰነው እዚህ የተወሰነው እዚያ ይሆናል።

ዊንዶውስ በዚህ መንገድ ሲያገናኝ ስልኩን እንደ ድራይቭ አያየውም፤ ኤምቲፒ በሚባል ስርዓት ነው የሚያናግረው፣ የድራይቭ ፊደልም የለውም። ሮቦኮፒና የመሳሰሉት የኮፒ ፕሮግራሞች የማያገኙት ለዚህ ነው። ኤምቲፒ እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻ ጠይቆ፣ ተቀብሎ፣ ዘግቶ ነው ወደ ሚቀጥለው የሚሄደው። ቪዲዮ ሲሆን በሰከንድ 25 ሜጋ ድረስ ሄደ፤ ስክሪንሾቶቹ ላይ ወደ 6 ወረደ።

5፡31 ላይ መብራት ጠፋ። 26 ጊጋ አካባቢ ተቀድቶ ነበር። ዴስክቶፑ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) የለውም።

ማታ 1፡20 – መብራት መጣ

ኮፒው እንደገና ተጀመረ። ዊንዶውስ “ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፋይሎች አሉ” ሲል “ስኪፕ” ተመረጠ፤ ያለውን አልፎ የቀረውን ብቻ ይወስዳል። 2፡05 ላይ 7,016 ሆነ። ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር እኩል ነው።

ይህ እኩልነት አያስተማምንም። ስኪፕ የሚያየው ስም ነው፤ መብራት በጠፋበት ቅጽበት እየተቀዳ የነበረው ፋይል ስሙ አለ፣ ይዘቱ ጎዶሎ ነው። ሲብስ ደግሞ ዊንዶውስ ሜሞሪው ላይ ይዞ ገና ወደ ዲስኩ ያልጻፈው ነገር ስለሚኖር ከዚያ በፊት “አልቋል” የተባሉት ጥቂት ፋይሎችም አይታመኑም። ማጣሪያው ነገ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13፣ ጠዋት 2፡50 – ዋትሳፕ

ከአንድሮይድ 11 ወዲህ የዋትሳፕ ፎልደር የሚገኘው ከላይ ሳይሆን “አንድሮይድ” ውስጥ፣ “ሚዲያ” ውስጥ ነው። ዲሲአይኤምን ብቻ ቀድቶ የሚነሳ ሰው ዋትሳፕ ላይ የተላኩለትን ሁሉ ትቶ ነው የሚሄደው።

የድምፅ መልእክቶቹ ፎልደር በኤምቲፒ ተሞከረ። 14,300 ፋይል ሆኖ 900 ሜጋ ብቻ ነው፤ በአማካይ 63 ኪሎባይት። በዓመትና በሳምንት ቁጥር የተሰየሙ ፎልደሮች ውስጥ ተበትኗል። 41 ደቂቃ ፈጀ፤ በሰከንድ 6 ፋይል እንኳ አልሞላም። በዚህ አካሄድ የቀረውም ብዙ ጊዜ ይበላል።

ወደ ኤዲቢ ተዛወርን፤ ከኮምፒውተር ሆኖ አንድሮይድ ስልክን በጽሑፍ ትዕዛዝ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። ከጉግል የሚገኘው የፕላትፎርም ቱልስ ዚፕ ትንሽ ነው፤ ኢንስቶል አይፈልግም። ስልኩ ላይ “ስለ ስልኩ” ገብቶ የቢልድ ቁጥሩን 7 ጊዜ መንካት፤ የዴቨሎፐር አማራጮች ይከፈታሉ፤ እዚያ ዩኤስቢ ዲበጊንግ ይበራል። ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገናኝ “ያልተፈቀደ” ይላል፤ ስልኩ ስክሪን ላይ የመጣውን የፈቃድ ጥያቄ እሺ ማለት ነው መፍትሔው። ከዚያ “ፑል” የሚለው ትዕዛዝ፣ ሰረዝ “ኤ” ተጨምሮበት። “ኤ”ዋ ካልተጨመረች ፋይሉ ሁሉ ቀኑ የዛሬ ሆኖ ይመጣል።

ያው ፎልደር፣ ያው ኬብል፣ 3 ደቂቃ። ሙሉው 21.4 ጊጋ በ17 ደቂቃ አለቀ። ከ1,000 በላይ ትንንሽ ፋይል ላለበት ፎልደር ኤምቲፒን መጠቀም ቡና በማንኪያ ከጆንያ ወደ ጆንያ መገልበጥ ነው።

ቆጠራ፦ ስልኩ 23,118፣ ኮምፒውተሩ 23,161። በ43 በለጠ። ትርፎቹ በሙሉ ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ነው። ከፊሎቹ “ኖሚዲያ” የሚባሉ ባዶ ፋይሎች፤ ጋለሪው ያንን ፎልደር እንዳያሳይ የሚነግሩ። የቀሩት “ትራሽድ” የሚል፣ ቀጥሎ ረጅም ቁጥር፣ ቀጥሎ የፎቶው ስም አላቸው፤ ከጋለሪ የተሰረዙ ፎቶዎች ናቸው። ከአንድሮይድ 11 ወዲህ የተሰረዘ ፎቶ ብዙ ጊዜ 30 ቀን በዚህ ስም ይቆያል፤ ረጅሙ ቁጥር የሚጠፋበት ጊዜ ነው። ስልኩ ላይ አይታዩም፤ ዊንዶውስ ግን ነጥብን እንደ መደበቂያ ስለማይቆጥራት ፊት ለፊት ያወጣቸዋል። የሌላ ሰው ስልክ ባክአፕ የሚያደርግ ይህን ማወቅ አለበት። ባለቤቱ የሰረዘውን ሳያይ ሊያጠፋለት ይገባል፤ እንዲሁ ተደረገ።

4፡30 – ማመሳከር

ስምና ቁጥር ሳይሆን ይዘት ለማመሳከር ሻ-256። ለእያንዳንዱ ፋይል ከይዘቱ የሚወጣ ባለ 64 ምልክት አሻራ ነው፤ አንድ ባይት ከተለወጠ አሻራው ሌላ ይሆናል። አንድሮይድ ውስጥ የሻ-256 ማስያው አብሮ አለ፤ በኤዲቢ ሼል ስልኩ ራሱ የዲሲአይኤምን ዝርዝር እንዲያወጣ ተደረገ። በኮምፒውተሩ በኩል በፓወርሼል፣ በዊንዶውስ የትዕዛዝ መስኮት።

ሁለቱ ዝርዝሮች ሲመሳከሩ አንድም አልገጠመም። 7,016 ፋይል ሁሉ ተበላሸ ማለት አይሆንም፤ ፓወርሼል አሻራውን በትልልቁ የላቲን ፊደል ሲጽፍ ስልኩ በትንንሹ ነው የሚጽፈው። ዝርዝሮቹ ኤክሴል ውስጥ ገቡ፤ ኤክሴል ሲፈልግ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም። አሁን 7,015 ገጠመ፤ አንዱ አልገጠመም።

ያልገጠመው ቪዲዮ ነው። ስልኩ ላይ 1.86 ጊጋ፣ ኮምፒውተሩ ላይ 1.12። ትናንት 5፡31 ላይ ይቀዳ የነበረው። ተሰርዞ እንደገና ተቀዳ፣ አሻራው ገጠመ። ያለዚህ ማጣሪያ ስኪፕ በተባለ ቁጥር እየታለፈ ለዓመታት እንደተቀደደ ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ ከመቋረጥ በኋላ ከመቀጠል በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን የመጨረሻዎቹን ሃያ ያህል ፋይሎች ሰርዞ መጀመር ይሻላል።

8፡00 – በዓመት መክፈል

የካሜራው ፋይል ስም ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው፤ ስልኩ አማርኛ ላይ ቢሆንም። ፎልደሩ በእኛ ዓመት እንዲሆን ከተፈለገ መቁረጫው መስከረም 1 ነው፦ 2017 የሚጀምረው ስሙ ላይ 20240911 ካለው ነው። 2016 ግን ከ20230912 ነው የሚጀምረው፤ 2015 ጳጉሜ 6 ስለነበራት አንድ ቀን ይገፋል። ይህን ያልቆጠረ የዋዜማውን ፎቶ ከእንቁጣጣሹ ይደባልቃል።

የዋትሳፕ ፎቶዎች ስም ግን አይነካ። ዋትሳፕ ፎቶ ሲልክ ውስጡ ያለውን የቀንና የቦታ መረጃ ያወጣዋል፤ መቼ እንደመጣ የሚናገረው የፋይሉ ስምና የፋይሉ ቀን ብቻ ነው። “ኤ”ዋ አስፈላጊ የሆነችውም ለዚህ ነው።

ሌላም የስም ጉዳይ አለ። ዳውንሎድ ውስጥ ያሉ ፒዲኤፎች ኮምፒውተር ላይ በረጅም የአማርኛ ርዕስ ተሰየሙ። ዊንዶውስ ተቀበለ። ስልኩ ግን ለአንድ ፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፤ በግዕዝ ፊደል 85፣ የፒዲኤፍ ቅጥያው ሲቀነስ 83። ለሙከራ አንዱ ወደ ስልኩ ሊመለስ ሲል እምቢ አለ፣ ምክንያቱንም አልተናገረም። ስሙ ወደ 40 ፊደል ሲያጥር ገባ።

9፡30 – ሁለተኛው ቅጂ

ኤክስተርናሉ ኤክስፋት ሆኖ ፎርማት ተደረገ፤ ኤክስፋትና ፋት32 ዲስክ ፋይል የሚያደራጅባቸው ስርዓቶች ናቸው። ፋት32 ላይ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይገባም፤ እዚህ 5.3 ጊጋ የሆነ የሠርግ ቪዲዮ አለ። “ቦታ እያለ ቦታ የለም ይላል” የሚባለው ይህ ነው።

ዲስኩ ከመሰካቱ በፊት ዴስክቶፑ በዊንዶውስ ዲፌንደር ሙሉ ስካን ተደረገ። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ከቤት ቤት በፍላሽ እየዞረ ነው። በዚሁ ምክንያት ቅጂው እንዳለቀ ዲስኩ “ሴፍሊ ሪሙቭ” ተብሎ ይነቀላል፤ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ኮምፒውተሩን የሚይዘው ሁሉ ይይዘዋል። ኤስኤምኤስና ኮንታክቱ በ7-ዚፕ ከይለፍ ቃል ጋር ታሽገዋል፤ ዲስኩ ከቤት ስለሚወጣ።

ቴሌግራምም በዚህ መሀል ተከፍቶ 3.2 ጊጋ ወረደ፤ ሁለቱም ቅጂ ላይ ገባ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19 – መመለስ

በአሮጌ ስልክ ተሞከረ። ኮንታክት፦ 873 ገባ፣ የአማርኛዎቹ ስሞች በትክክል ይነበባሉ። ኤስኤምኤስ፦ 4,380 ገባ፤ አፑ ለጊዜው ዋና የመልእክት አፕ ካልተደረገ መመለስ ስለማይችል ያን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከዚያ ወደ ቀድሞው መመለስ ነው። ከየዓመቱ አሥር አሥር ፎቶና ሁለት ቪዲዮ ከኤክስተርናሉ ተከፈተ፤ ሁሉም ሠራ።

ዋትሳፕ አልተመለሰም፣ ሆን ተብሎ። በዚያው ቁጥር አሮጌው ስልክ ላይ ሲገባ ዋናው ስልክ ይወጣል። የሚመለስበት ቀን ሲመጣ አካሄዱ፦ አፑን ሳይከፍቱ የዋትሳፕ ፎልደሩን ወደ ነበረበት ሚዲያ ውስጥ መመለስ፣ ከዚያ መክፈት፣ ቁጥሩን በኤስኤምኤስ ማረጋገጥ፣ “ሪስቶር” ማለት። ፎልደሩ ሳይገባ አፑ ከተከፈተ ባዶ ሆኖ ይጀምራል፤ አጥፍቶ እንደገና መጫን ይጠይቃል።

ዩኤስቢ ዲበጊንግ ጠፋ። አንዱ የባንክ አፕ ከእሑድ ጀምሮ አልከፈትም ብሎ የነበረው በእሱ ምክንያት ነው፤ አሁን ከፈተ። ዲስኩ ከጫማ ካርቶን ከተገኘ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር በሚዘጋ ፕላስቲክ ታሽጎ፣ የቆጠራው ወረቀት ታጥፎ ከጎኑ ገብቶ፣ አጋሮ ወዳለ የዘመድ ቤት ተላከ። የ7-ዚፑ ይለፍ ቃል ወረቀቱ ላይ የለም፤ ጅማ ቀርቷል።